ከመግሪብ በኋላ ያለው ተራ

ያንን ሰውዬ እስከ ዛሬ ድረስ አልወደውም። ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ የእሱን ዓይነት ኮፍያ ያደረገ ሰው ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ከአዲስ አበባ የመጣ የታዳሽ ኃይል ባለሙያ ነበር፤ ንፁህ፣ ትሁት፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። ጥፋቱ ሁሉ የእሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግማሹ የእኔ ነው፤ እንዲያውም ከግማሽ በላይ ሳይሆን አይቀርም። ይኼን ስለማውቅ ይሆናል ይበልጥ የምጠላው።

እኔ ቆቦ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ከዓመቱ ትምህርት ሁሉ አንድ ክፍለ ጊዜ ነበር የምወደው፤ አገሮች ኃይል ከምን ከምን እንደሚያገኙ የምናነጻጽርበት። ለእያንዳንዱ አገር ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ አንድ ክብ እሥላለሁ። ፖላንድን በድንጋይ ከሰል እሞላታለሁ፤ ደቡብ አፍሪካንም እንዲሁ። ለዴንማርክ ትልቅ የነፋስ ድርሻ እቆርስላታለሁ። ኬንያ ከምድር ሆድ በሚወጣ እንፋሎት ትኮራለች። መጨረሻ ላይ ኖርዌይንና ኢትዮጵያን ጎን ለጎን ሥዬ ሁለቱንም በሰማያዊ ጠመኔ እቀባቸዋለሁ፤ የሁለቱም መብራት ከሞላ ጎደል ከውሃ ነዋ! «አያችሁ?» እላለሁ ደረቴን ነፍቼ፤ «ሀብታሞቹ ገና የሚሮጡለት ግብ ላይ እኛ ቆመን እየጠበቅናቸው ነው።»

አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እንግዲያው መብራቱ የት ሄደ?» ከራሳችን በላይ ያለው አምፖል ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «አንቺ መቼም አፍሽ አያርፍም!» ብዬ አስቀመጥኳት። ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። መጽሐፉ ላይ ሌላም ክብ ነበር፤ መብራት ብቻ ሳይሆን የምናነደው ሁሉ የሚቆጠርበት። እዚያ ላይ የእኛ አገር እንጨት፣ ከሰልና ኩበት ነው። አንዳንዱ ሰንጠረዥ እሱንም ታዳሽ ብሎ ይቆጥርልናል። እናቶቻችን በጭስ ዓይናቸው እየጠፋ እኛ ከዓለም ፊት ተሰልፈናል ማለት ነው። ያን ክብ አልሥለውም ነበር። ትምህርቱን ያበላሽብኛላ!

ከትምህርት ቤት ውጭ ያለው ሕይወቴ ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ በስተምሥራቅ ባለው የአባታችን መሬት ላይ ነው። ሦስት ነን፤ ታላቅ ወንድሜ፣ እኔና ታናሽ እህቴ። ወንድሜ ገበሬ ነው። እህቴ ባሏን ፈትታ ከጎብዬ ከተመለሰች ጀምሮ በወንድሜ ግቢ፣ ጓሮ ባለች አንድ ክፍል ነው የምትኖረው። መሬት ግን አላት፤ የእኔንም ድርሻ የምታርሰው እሷ ነች። ያን ዓመት ሁለቱንም ማሳ ሽንኩርት ተከለችበት። ሽንኩርቱ ከያዘላት በመሬቷ ጫፍ ላይ የራሷን ቤት ትሠራለች፤ ቆርቆሮው፣ በሩ፣ መስኮቱ ወደ ዞብል ተራራ እንዲዞር ሁሉ ተወስኗል። «የሰው ግቢ በር ማንኳኳት ሰለቸኝ» ትል ነበር፣ ወንድሜ እየሰማ። ሚስቱ ድስቱን ትንሽ ጓ አድርጋ ታስቀምጣለች።

ውሃው የጋራ ነው። አሥራ ስምንት ቤተሰብ ከአንድ ጥልቅ ጉድጓድ እናጠጣለን። ድሮ በመብራት ነበር የሚሳበው። በጦርነቱ ጊዜ ገመዱም ትራንስፎርመሩም ጠፋ፤ ከዚያ ወዲህ የናፍጣ ሞተር ነው። ይጮኻል፣ ያጨሳል፣ ናፍጣ የጠፋ ጊዜ ጀሪካን ተሸክመን እስከ ጎብዬ ያንከራትተናል። ግን በበጋ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። ተራውን የምንከፍለው በሶላት ነው። ከንጋቱ ሱብሒ እስከ ቀትሩ ዙሁር አንዱ፣ ከዙሁር እስከ ተሲያቱ አስር አንዱ፣ ከአስር እስከ ፀሐይ መግቢያው መግሪብ አንዱ። ሌሊቱንም እንዲሁ ለሦስት። በሦስት ቀን አሥራ ስምንታችንም ይደርሰናል። ክርስቲያኖቹም በአዛን ነው የሚቆጥሩት፤ የስልክ ባትሪ ያልቃል፣ አዛን ግን ለሁሉም ይሰማል።

ማን ቀን፣ ማን ሌሊት እንደሚደርሰው የሚታወቀው በዕጣ ነው። ተከላ ሲጀመር ሁሉም የራሱን ምልክት ያዋጣል፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የሸሚዝ ቁልፍ፣ አንዱ የተሰበረ የክብሪት እንጨት። ከአስፋልቱ ላይ ማንንም የማያውቅ መንገደኛ ይጠራና እሱ ያወጣል። ሼኹ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ቄሱ ይባርካሉ፣ አለቀ። ምርቱ እስኪነሳ ድረስ ዕጣ አይነካም። በአባታችን ዘመን አንድ ጊዜ ተነክቶ ነበር፤ ወቅቱ ሳያልቅ እንደገና ይውጣ ተብሎ። ሰው በዶማ ተገደለ። ደሙን ለማድረቅ ሽማግሌ ለዓመታት ተመላለሰ።

ያን ዓመት ለወንድሜ ከዙሁር እስከ አስር ያለው ተራ ወጣለት። የውሃ አባትም እሱ ነበር፤ ተራ የሚያስከብር፣ ቦይ የሚያስጠርግ፣ ውሃ የሰረቀውን የሚቀጣ። ለእህቴ ከመግሪብ በኋላ ያለው ተራ ደረሳት። ደስ አላት። «እሰይ! በማታ ውሃው አፈር ውስጥ ይሰርጋል፣ ፀሐይ አትቀማኝም» አለች። እኔ የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ፤ መዝገቡ ላይ ጻፍኩት።

ባለሙያው የመጣው ኅዳር ላይ ነው። ቆቦ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰቡን። ግድግዳው ላይ ምስል አበራ፤ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የእኔው ክቦች! ፖላንድ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ዴንማርክ፣ ኬንያ… ቀለማቸው ግን የጠመኔ አይደለም፣ ያበራል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አገሮች ሁሉ በአንድ ላይ የተስማሙበት ግብ እንዳለ፣ ማን እንደቀደመ፣ ማን እንዳዘገመ፣ ማን ፈርሞ እንደተኛ ሲያስረዳ ሳላስበው ራሴን እየነቀነቅኩ ነበር። ወንድሜ ከጎኔ በክርኑ ጎሰመኝ። «ምን ያስነቀንቅሃል? ስለ ውሃው መቼ ነው የሚናገረው?» አለኝ። ዝም በል አልኩት።

ከዚያ የመጨረሻውን ክብ አሳየን። የእኛ ጉድጓድ ነበር። ጥቁር፤ ከዳር እስከ ዳር ናፍጣ። አዳራሹ አጉረመረመ። አፍረን ነው። ከፖላንድ ብሰን ታየን! «ይህን ክብ ሙሉ በሙሉ ቢጫ እናደርገዋለን» አለ ሰውዬው። ሶላር ሊተከልልን ነው፣ ያውም በነፃ። የሚጠይቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የናፍጣ ሞተሩ ከቦታው እንዲነሳ። አሮጌው እዚያው ካለ ጉድጓዱ ከናፍጣ ወጥቷል ተብሎ ሪፖርት አይደረግም። ጭብጨባው ቀለጠ።

ወንድሜ እጁን አወጣ። «ሞተሩ ለምን ይሄዳል? ቢቀመጥ ሣር አይበላ።» ሰው ሳቀ። ባለሙያው መልስ ሳይጀምር እኔ ብድግ አልኩ። ማን ቀሰቀሰኝ? «ጋሼ፣ ዓለም የት ደርሷል፣ አንተ ስለ አሮጌ ሞተር ታወራለህ?» አልኩት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ታላቅ ወንድሜን! አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ፤ ከእግሩ ሥር ያለውን ሲሚንቶ ሲያይ ትዝ ይለኛል። ባለሙያው ፈገግ ብሎ «የተማረ ሰው በመካከላችሁ መኖሩ ዕድል ነው» አለ። እኔም ጮቤ እየረገጥኩ ፈረምኩ። ሰነዱን ማንበብ የጀመርኩት ከፈረምኩ በኋላ ነው፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሻይ መጣና ተውኩት።

ስለ ሌሊቱ አንድ ሰው አልጠየቀም። ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ። ዕድሜ ልኩን ለሌሊት ተራ ሲነሳ የኖረ የአሥራ ስምንት ቤት ሰው! ለእኛ ሞተር ሞተር ነው፤ ሲያስነሱት ይነሳል። ሶላሩን ናፍጣ የማይጠጣ ሞተር ነው ብለን ነው የተቀበልነው። ገበሬው ይሁን። እኔ ግን መሬት በራሷ ዛቢያ ስትዞር ቀንና ሌሊት እንደሚፈራረቁ በየዓመቱ ጉሮሮዬ እስኪነቃ የማስተምር ሰው ነኝ። እኔስ ምን ነካኝ?

ሶላሩ ጥር ላይ ተተከለ። ሽንኩርቱ ማበጥ የጀመረበት፣ ሁለት ተራ ካመለጠው የማይመለስበት ጊዜ ነው። ሞተሩን በአይሱዙ ጭነው ወሰዱት። ፀሐይ ከዞብል በላይ ከፍ ስትል ውሃው ያለ አንዳች ድምፅ ከቧንቧው ገነፈለ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሼኹ መረቁ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ከአስር በኋላ ውሃው ሲቀጥን አይተናል፤ አዲስ ዕቃ ነው፣ ይለምዳል ተባባልን። የመግሪብ አዛን ሲል እህቴ ዶማዋን ይዛ ከቦይዋ አፍ ቆማለች። ተራዋ ነው። ውሃው ተንጠባጠበ፣ ቆመ።

«ምን ሆነ?» አለችኝ።

«ፀሐይ ገባች» አልኩ።

«እንዴ፣ ፀሐይማ መቼ ሳትገባ ቀርታ ታውቃለች!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችው። «ስትፈርም ይኼን ታውቅ ነበር?»

አላውቅም ብላት ያስተማርከው ምንድነው ልትለኝ ነው። አውቃለሁ ብላት ይብሳል። ዶማዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ሄደች።

በማግስቱ ለባለሙያው ደወልኩ። «ሲስተሙ የቀን ነው» አለኝ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ። «ባትሪ የለውም። ሰነዱ ላይ ተገልጿል።»

«አልነገሩንማ!»

«ሦስተኛው ገጽ ላይ አለ። የፈረሙት እርስዎ ነዎት። የውሃ ማጠራቀሚያ ገንዳው በሁለተኛው ምዕራፍ ይሠራል።»

«ሁለተኛው ምዕራፍ መቼ ነው?»

«በጀት ሲለቀቅ።»

«ሽንኩርቱ በጀት አይጠብቅም፣ ሰውዬ!»

ከዚያ ሊያጽናናኝ ፈልጎ መሰለኝ፣ ይባስ ብሎ ወደ አገሮቹ ተመለሰ። ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ፣ ዴንማርክም ነፋሷ ሲተኛ ከኖርዌይ የውሃ መብራት እንደምትወስድ፣ ሲበረታ ደግሞ መልሳ እንደምትሰጥ አስረዳኝ። «ጎረቤታሞች ይመቻቻሉ። እናንተም እንደ ማኅበረሰብ ተራችሁን ብታሸጋሽጉ…»

«እህቴ ዴንማርክ አይደለችም! አንተ ስለ ሽንኩርት ምን ታውቃለህ?» ብዬ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት። አንጀቴን ያሳረረው የተናገረው እውነት መሆኑ ነው። ማሸጋሸግ ይቻል ነበር። ግን ዕጣ እንዴት እንደሚወጣ፣ ምን ደም እንዳለበት የሚያውቀው እኔ ነበርኩ፤ ያንን ደግሞ አዳራሹ ውስጥ አልነገርኩትም።

ከዚያ ሞተሩን ፍለጋ ወጣሁ። ቆቦ አንድ ግቢ ውስጥ ሜዳ ላይ አስቀምጠውታል፤ ዶሮ ተቀምጣበታለች። ዕቃ ግምጃ ቤቱን የያዘችው ሴት «ገቢ ሆኗል» አለችኝ።

«እንግዲያው ወጪ አድርጊልኛ።»

«ደብዳቤ ያምጡ።»

«ከማን?»

«ካስገባው።»

ያስገባው ያ ሰውዬ ነው። ለመንኳት፤ ለአንድ ወር ብቻ፣ ሽንኩርቱ ሊሞት ነው አልኳት። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም፣ አዘነች። «ሞተሩ ከተመለሰ ጉድጓዱ ከናፍጣ ነፃ ከወጡት ዝርዝር ይሰረዛል ብለዋል፤ እኔ ምን ላድርግ ወንድሜ?» አለች። ስወጣ ዶሮዋን በእግሬ አባረርኳት። ሌላ ማንን ላባርር?

እህቴ በዚያ ሰሞን ለቤት የሚቀዳውን ውሃ በጀሪካን እየተሸከመች፣ በጣሳ እየቀዳች አንድ በአንድ ሥሩ ላይ ታፈስ ነበር። ከረፋድ እስከ እኩለ ቀን ሁለት መደብ እንኳ አትጨርስም። እኔም አንድ ቅዳሜ አራት ጀሪካን አመላለስኩ። በአምስተኛው ወገቤን ያዝኩ። «ሂድ ቤትህ፣ ፈተና አርም» አለችኝ ሳታየኝ።

የቀረው ዕጣውን ማደስ ነው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ጉድጓዱ አጠገብ ካለው ግራር ሥር ተቀመጥን። ዘጠኙ የሌሊት ባለተራዎች በአንድ ወገን፣ ዘጠኙ የቀን በሌላው። ተነስቼ ተናገርኩ። የቀኑን ተራ ለሁለት ለሁለት እንክፈለው፣ ለሁሉም ትንሽ ይድረሰው አልኩ። ሰው ሁሉ ወደ ወንድሜ አየ።

«ዕጣ ወጥቷል» አለ።

«ዕጣው የወጣው ሌሊት ውሃ በነበረበት ጊዜ ነው!»

«ዱዓ ተደርጎበታል። ዛሬ ለዚህ ብለን ብንከፍተው ነገ አንዱ ቦዬ ጠበበኝ ብሎ ያስከፍተዋል። ከነገ ወዲያ ዶማ ይነሳል። አንተ ያን ጊዜ ሕፃን ነበርክ። እኔ ሬሳውን ካነሱት አንዱ ነኝ።»

«አንተማ ምን ቸገረህ! ፀሐይዋ አናትህ ላይ ስትሆን ነው የምታጠጣው!»

ሽመሉን አጥብቆ ያዘ። «ጨረስክ?» አለኝ።

«አልጨረስኩም! ሆዳም ነህ! ቤት ሠርታ ከግቢህ እንዳትወጣ ነው፣ ጉልበቷን ለምደኸዋል!»

ሼኹ «አኡዙ በል አንተ፣ ሸይጣን ነው!» ብለው በጋቢዬ ጎትተው አስቀመጡኝ። ወንድሜ ፊቱን ወደ ጉድጓዱ ሲያዞር አየሁ፤ ደስም አለኝ፣ አላህ ይይልኝ ብዬ የምናገረው ነው። እህቴ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ በጣቷ አፈሩን ትጭር ነበር። ስብሰባው ያለ ውጤት ተበተነ።

ሁለት ተራ አለፋት። የሽንኩርቱ ቅጠል ጫፉ እየደረቀ መታጠፍ ጀመረ። በሦስተኛው ተራዋ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዙሁር ተሰግዶ ሰው ከመስጊድ ሳይወጣ ዋናውን ቦይ በዶማ ሰብራ ውሃውን ወደ ማሳዋ ለቀቀችው። ተራው የወንድሜ ነበር። አልተደበቀችም፤ መደቡ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀቻቸው። ተደውሎልኝ ከትምህርት ቤት በባጃጅ ስደርስ ፊት ለፊት ቆመዋል። ወንድሜ ውሃው ውስጥ ነው፤ ሽመሉ እጁ ላይ ነው።

«ዝጊው» ይላታል።

«አልዘጋም።»

«ሰው እያየ ነው።»

«ይይ! ተደብቄ የሰረቅኩ መሰለህ?»

ሽመሉን ሲያነሳ የመታት መሰለኝ። ሽመሉን ወደ ዳር ወረወረና ጎንበስ ብሎ በእጁ ጭቃ እየዛቀ ራሱ ዘጋው። ሕጉን ሁሉም ያውቀዋል፤ ውሃ የሰረቀ ምርቱ እስኪነሳ ተራውን ያጣል። ለእህት የሚቀር ነገር የለም። እዚያው ጭቃ በጭቃ እንደሆነ ፈረደባት። እሷ ሳቀች። እንደዚያ ያለ ሳቅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም።

«የትኛውን ተራዬን? የማታውን? ውሰዱት! ተካፈሉት!» አለች። ከቀን ባለተራዎቹ አንዳንዱ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ጸሐፊው፣ ምን ትጠብቃለህ? ጻፍ እንጂ! መፈረም መቼም አታጣም።»

መዝገቡን አውጥቼ ጻፍኩ። ስሟን ጽፌ፣ ተራዋን ሰርዤ፣ ከሥሩ ፈረምኩ።

ለሦስት ቀን ከወንድሜ ጋር ሰላምታ እንኳ አልነበረንም። ተራው ተመልሶ ለእሱ በሚደርስበት ቀን ትምህርቴን ለባልደረባዬ ሰጥቼ ተነሳሁ። መንገዱን ሙሉ ስድብ ስደረድር ነበር፤ አንዳንዱን ድምፄን አውጥቼ ብዬው የባጃጁ ሹፌር ዞሮ አየኝ። ማሳው ስደርስ ወንድሜ የለም። አፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ጠብታ አልነካውም። ቀና ስል እሱ በእህቴ ማሳ ውስጥ ነው። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ውሃውን ከመደብ መደብ ያዞራል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«አታይም?»

«ተራዋን ቀጥተሃት የለም እንዴ?»

«ተራዋን ነው የቀጣናት፤ ሽንኩርቱን አልቀጣንም። ይኼ የራሴ ውሃ ነው፣ ወዳሻኝ እሰደዋለሁ። ዕጣው አልተነካ።»

«የአንተ ሽንኩርትስ?»

ትከሻውን ነቀነቀ። ከዚያ ጫማዬን አየው። ለክፍል የማደርገው፣ የተወለወለ ጥቁር ጫማ ነው። «አንተስ ምን ልትል መጣህ?»

«ልረዳህ» አልኩት ዓይኔን በጨው አጥቤ።

«ጫማህ ይበላሻል» አለኝና ወደ ሥራው ዞረ።

እዚያ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም። ጫማዬን ማውለቅ ነበረብኝ። አሁን ሳስበው ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፣ ማሰሪያ ፈትቶ እግር ማውጣት። ተናድጄ ነበር። በእሱ የተናደድኩበት ምክንያት ድንገት ከእጄ ስላመለጠኝ ይብስ ተናደድኩ። ሰላም ዋል ሳልል ወደ አስፋልቱ ወጣሁ።

እስከ መጨረሻው እንዲሁ አደረገ። ሌሎቹም ቀስ በቀስ እያፈሩ የቀን ውሃቸውን ለሌሊት ዘመዶቻቸው ማካፈል ጀመሩ። ከቀን ባለተራዎቹ ውስጥ ዘመድ ያልነበራቸው የሁለት የሌሊት ባለተራዎች ማሳ ግን ደረቀ፤ ከብት ተለቀቀበት። እህቴ ወንድሜን አላመሰገነችም፣ እሱም አልጠበቀም። እራት አብረው ይበሉ ነበር አሉ፣ ያለ ወሬ።

የካቲት ላይ ባለሙያው ካሜራ ይዞ ተመለሰ። ወንድሜን ሶላሩ ሥር አቁሞ «ፈገግ በሉ አባቴ» ሲለው ወንድሜ «ለምኑ?» አለው። ፎቶው የተነሳው የወንድሜ ማሳ እንዳይታይ ሆኖ ነው። በኋላ ሪፖርቱ በስልኬ መጣልኝ። የእኛ ጉድጓድ ከአገሮቹ ጎን ተሰልፏል፤ ሙሉ ቢጫ፣ ግቡን ያሳካ ተብሎ። ዴንማርክን በልጠናል! ውሸትም የለበትም፤ ያን ወቅት ጉድጓዳችን ላይ አንድ ጠብታ ናፍጣ አልነደደም። ስልኩን ግድግዳ ላይ ልወረውረው ቃጣኝ፤ በደሞዜ የገዛሁት ስለሆነ ተውኩት።

መጋቢት ላይ የእህቴ ሽንኩርት ደረሰ። ጭብጥ የሚሞላ ነው። የወንድሜ ግን ከአውራ ጣት አላለፈም። ትምህርት የሌለበት ቀን ጠብቄ፣ የሥራ ልብስ ለብሼ በጠዋት ሄድኩ። ወንድሜ፣ ሚስቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ይነቅላል። እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። ለስድብ ተዘጋጅቼ ነበር። እንዲያውም ብትሰድበኝ ደስ ባለኝ፤ እመልስላት ነበር፣ ከዚያ አልቅሰን እንታረቅ ነበር። እሷ ግን እጇን በሻርፗ ጫፍ ጠርጋ መጥታ እንደ ደንቡ ሳመችኝ።

«እንዴት ከረምክ? ልጆቹ ደህና ናቸው? ሥራስ እንዴት ነው?» አለችኝ። ከግራሩ ጥላ ሥር በርጩማ አመጣችልኝ፣ አቧራውን አራገፈችልኝ። ለሌሎቹ በጣሳ የሚዞረውን ውሃ ለእኔ በብርጭቆ ሰጠችኝ። ጠጥቼ ተነሳሁና አንድ የሞላ ኬሻ ላነሳ ጎንበስ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«ኧረ በአላህ ተው!» አለች ፈገግ ብላ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «እንግዳ እንዴት ይሸከማል?»

ወንድሜን አየሁት። አላየኝም፤ የኬሻ አፍ እየሰፋ ነበር። ተመልሼ ቁጭ አልኩ።